የእጅ ባትሪ ልገዛ ወጥቼ

ቡናችሁን ያዙና ጠጋ በሉልኝ፤ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የእጅ ባትሪ ነው። ያ ድሮ ሁለት ድንጋይ ጎርሶ ከጓዳ እስከ በረት የሚያደርሰን ባትሪ መስሎ አይታያችሁ። ይሄኛው ሰው ባሕር ውስጥ ይዞት የሚጠልቀው ነው።

እኔን ከባሕር ያገናኘኝ የእህቴ ልጅ ነው። እስራኤል ውስጥ ኢላት ወርዶ፣ ቀይ ባሕር ዳር የጠላቂዎች አስተማሪ ሆኖ ቀረ። እናቱ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እያለች ለምናው ነበር፤ እሱ እሺ ማለቱ ቀርቶ እኔንም አስተማረና እስከ 18 ሜትር የሚያስጠልቀውን ወረቀት አስያዘኝ። ከዚያ ወዲህ እህቴ የምትሳለው ለሁለታችንም ነው።

ታዲያ አንድ ሰሞን ደወለና «ጋሼ፣ ሐሙስ ማታ እንጠልቃለን፤ ለራስዎ የሚሆን ባትሪ ገዝተው ይምጡ» አለኝ። የተላክሁት ለዚሁ ነው።

ሱቅ ገባሁ። ግድግዳው ሙሉ ባትሪ ነው፤ ካርቶኑ ሁሉ ላይ ጎልቶ የተጻፈው የብርሃኑ መጠን፣ ሉመኑ ነው፦ 700፣ 1,000፣ 3,000፣ 10,000። ማታ ባሕር ሊገባ ያሰበ ሰው ፊት የሚደቀነው ጨለማው ነውና ዓይኔ ከትልቁ ቁጥር አልነቀል አለ። ሻጩ ወጣት 10,000ውን አውርዶ አበራልኝ። የሱቁ ጣሪያ ነጭ ሆነ፤ አንዲት ሴትዮ ዓይኗን በእጇ ጋረደች። ጥቂት እንደያዝኩት እጄ ላይ ይግል ጀመር። «ቶሎ አጥፋው፣ ይሄ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው» አለና ተቀበለኝ። እንዲህ ማለቱ ይበልጥ አስወደደኝ፤ ለባሕር ብቻ የተሠራ ዕቃ! የብርሃኑ ስፋት 120 ዲግሪ መሆኑም ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ይሄማ ምርቃት ነው ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ወደ ጨዋታው እመለሳለሁ። የባሕር ባትሪ ለሌሊት ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ውሃ ከፀሐይ ብርሃን መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ነው። 5 ሜትር ገደማ ስትወርዱ ቀይ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ብርቱካንማው፣ ከዚያ ቢጫው፤ ወደ ታች በሄዳችሁ ቁጥር ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። በጠራራ ፀሐይ ጠልቃችሁ ድንጋይ እጃችሁን ቢቧጭራችሁ፣ ደማችሁ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚታያችሁ። ባትሪ ስታበሩበት ወዲያው ቀይ ይሆናል። ቀን ቀን የሚጠልቁትም ባትሪ የሚይዙት ለዚህ ነው፤ እኔ ይህን ባወቅሁ ጊዜ ባሕሩን እንደ አዲስ ወደድኩት።

ሐሙስ ማታ ከኢላት ወደ ታባ በሚወስደው መንገድ ዳር ተሰበሰብን። ማዶ የዐቃባ መብራት ይታያል። የእህቴ ልጅ ባትሪዬን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ ምንም አላለም። ፈታውና አንገቱ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት አወጣ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ዙሪያዋን እየዳበሰ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፦ ከፎጣዬ የወጣች ክር፣ መነጽር ካላደረጉ የማትታይ። ውሃ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት እየጨመረ ነው የሚጫነው፤ ያቺን ክር ያህል ቀዳዳ ካገኘ ሰተት ብሎ ይገባል። የጨው ውሃ ከሊቲየም ድንጋይ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጋዝ ይፈጠራልና ውሃ የገባበትን ባትሪ ወደ ፊታችሁ አዙራችሁ እንዳትከፍቱት፣ አደራ። ልጁ ቀለበቷን ጠርጎ፣ ሲሊኮን ቅባት በስሱ ቀብቶ ቦታዋ መለሳት። እናቱ ይህን ጥንቃቄውን ብታየው ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ምልክቱን ነገረን። ማታ ባሕር ውስጥ የሚነጋገሩት በብርሃን ነው። ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ክብ መሥራት «ደህና ነኝ» ነው። ግራና ቀኝ ቶሎ ቶሎ ማወዛወዝ «ድረሱልኝ» ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ከልብሱ ዚፕ ጋር ትግል ላይ ነበርኩ፤ ክቡ ገባኝ፣ የቀረው በጆሮዬ አልፎ ሄደ።

ወረድን፤ አበራሁ። ያየሁት ነጭ ብቻ! ባሕር ምንም ቢጠራ ብናኝ አያጣም፤ 120 ዲግሪ የተበተነ ብርሃን ደግሞ አፍንጫችሁ ሥር ያለውን ብናኝ ሁሉ አብርቶ ወደ ዓይናችሁ ይመልሰዋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ያበራ ሾፌር እንደሚያየው ነው ያየሁት። ቀጥሎ ብርሃን የሚስባቸው ደቃቅ ትሎች መጥተው ባትሪው ፊት ይርመሰመሱ ጀመር። ከነሱ ኋላ ትንንሽ ዓሣ፣ ከዓሣው ኋላ ደግሞ በጠላቂ ብርሃን ማደን የለመደ አንበሳ ዓሣ፣ መርዛም እሾሁን ዘርግቶ። ባልንጀሮቼ ወደ እኔ በዞሩ ቁጥር ዓይናቸውን ይጋርዳሉ፤ ኋላም መዞሩን ተዉት። የእህቴ ልጅ መጥቶ ብርሃኑን ዝቅ አደረገልኝ።

ያን ጊዜ ነው ያየኋት። የስፔን ጨፋሪ ይሏታል፤ ዛጎል የሌላት የባሕር ቀንድ አውጣ ናት፣ የምትወጣው ማታ ነው፣ 40 ሳንቲ ሜትር የምትደርስም አለች። ከድንጋዩ ተነሥታ ጠርዟን እያጠፈች እየዘረጋች ትዋኛለች። ቀይ፣ ደማቅ ቀይ! ያ ውሃ የሚውጠው ቀይ ሁሉ እሷ ላይ ተከማችቶ የቆየኝ ነው የመሰለኝ። እንዲህ ያለውን ለብቻ አይቶ ማለፍ ነውር ነው። «ኑ እዩ» ልል ባትሪውን ወደ ትልቁ ብርሃን መለስኩና ግራና ቀኝ ቶሎ ቶሎ አወዛወዝኩ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ደረሱ። የእህቴ ልጅ ክንዴን ጨበጠ፣ አንዱ የአየር መለኪያዬን አነበበ፣ ሌላው መጠባበቂያ መተንፈሻውን አፌ ድረስ አመጣልኝ። እኔ በጣቴ ወደ ጨፋሪዋ አመለክታለሁ፤ እነሱ ጣቴን የነከሰኝ ነገር አለ ብለው ጣቴን ያገላብጣሉ። ወደ ላይ የሚለው ምልክት ተሰጠና ቀስ እያልን ወጣን።

«ጋሼ! ምን ሆኑብኝ?» ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

«ቀይዋን አያችኋት?» አልኩት።

ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አንዲት ቱሪስት እንዲያውም የአየር ሲሊንደሬን ከጀርባዬ አውርዳ ከቴርሞሷ ሻይ ቀዳችልኝ፤ እኔ ምንም አልሆንኩም ለማለት ቋንቋ አጥሮኝ ሻዩን ጠጣሁ። ትከሻዬ ላይ ፎጣ ደረቡልኝ። ምኔም ሳይነካ እንደ በሽተኛ ታቅፌ ከውሃው ዳር እስከ መኪናው ድረስ ሄድኩ፤ መንገዱም አላልቅ አለኝ። የእህቴ ልጅ ሲሊንደሮቹን እየጫነ አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም፤ በኋላ ሲነግረኝ የእናቱ ፊት ነበር የመጣበት።

መንገድ ላይ ግን ቁጣው በርዶለት አስረዳኝ። ለሌሊት 1,000 ሉመን ይበቃል፤ ዋናው ነገር ጨረሩ በ10 ዲግሪ ገደማ መሰብሰቡ ነው። የተሰበሰበ ጨረር ብናኙን ሰንጥቆ ይሄዳል፣ ወለሉም ላይ ነጥብ ይሠራል፤ ክብ ብትሠሩበት ባልንጀራችሁ ያነበዋል። የተበተነ ብርሃን ክብ ይሥራ ይወዛወዝ ከሩቅ አይለይም። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የሚበራበት ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካኖቹ መለኪያ የሚቆጠረው ብርሃኑ ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ስለሆነ፣ ሙሉ ብርሃን የሚሰጣችሁ ለዚያ ሁሉ ሰዓት አይደለም። አንዱ ቢጠፋ ደግሞ ሁለተኛ ባትሪ ከወገብ መጥፋት የለበትም። እኔ እንደሚመስለኝ ባትሪ ሻጭ ሁሉ ከሉመኑ በፊት «ከማን ጋር ነው የምትጠልቀው?» ብሎ ቢጠይቅ ደግ ነበር፤ ባትሪው ለማየት የሆነውን ያህል ለባልንጀራም ነው።

ዕቃ በምናለቀልቅበት ገንዳ ዳር ካሜራ ይዞ አብሮን የጠለቀ አንድ ሰውዬ ጠጋ አለኝና ስክሪኑን አሳየኝ። ከድንጋጤው በፊት ቀርጿታል! ቀይዋ ከዳር እስከ ዳር ደምቃ ትታያለች፤ የኔ ሰፊ ብርሃን ለካ የተሠራው ለቪዲዮ ኖሯል። የሱ ጠባብ ባትሪ መሐሉን ብቻ አንጥቶ ዳሩን ጨለማ ያደርግበታል። በማግስቱ ሱቁ ጨው የነካውን ዕቃ መልሼ አልቀበልም ስላለኝ ከሰውዬው ጋር ተለዋወጥን። የሱ ዋጋው ያንስ ነበርና ልዩነቱን ቆጥሮ ሰጠኝ፤ በዚያ ገንዘብ ኪስ የምትገባ መጠባበቂያ ባትሪ፣ ትርፍ ድንጋይና አንድ ቱቦ ሲሊኮን ቅባት ገዛሁ።