ውዳሴ ኮብልስቶን

ኮብልስቶን፣ ማለትም ጥቁር ድንጋይ በመዶሻና በመሮ እየተጠረበ በአሸዋ ላይ አንድ በአንድ የሚደረደርበት የመንገድ ንጣፍ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እገዛ በኢትዮጵያ ከተሞች ከተስፋፋ ወዲህ ያልተመሰገነበት ዓመታዊ ሪፖርት የለም። ሬንጅ ከውጭ አያስመጣም፣ ጭቃን ያስቀራል፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ወጣቶችም እንጀራ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ትልቁ በጎነቱ ግን ገና አልተወደሰም፤ ይኸውም የከተማን ነዋሪና እንግዳ ያለ ፈተና ወረቀት በሁለት ወገን ለይቶ፣ ጤነኛ እግር ያለው እንዲዘዋወር፣ የሌለው ደግሞ ከአልጋ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ልማቱን እንዲያደንቅ ማድረጉ ነው።

የአሠራሩ ጥበብ ረቂቅ አይደለም። ተሽከርካሪ ወንበር፣ በተለምዶ ዊልቸር የሚባለው፣ ከፊት ሁለት ትናንሽ ጎማዎች አሉት፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት በአሸዋ የተሞላ ሳለ ጎማዎቹ እየተንቀጠቀጡም ቢሆን ያልፋሉ፣ ክረምቱ አሸዋውን አጥቦ ከወሰደው በኋላ ግን ክፍተቱ ውስጥ ይሰነቀሩና ተቀማጩን ወደፊት ይደፉታል። ክራንች የያዘውም ጫፉን የሚያሳርፍበትን ድንጋይ ሲመርጥ ስለሚውል፣ ሊያየው የመጣውን ተራራ ቀና ብሎ ለማየት ፋታ አይተርፈውም። ቧንቧ ለመቅበር የተነቀለው ድንጋይ ወደ ቦታው ሳይመለስ ከመንገዱ ዳር ተከምሮ ሲከርም ደግሞ፣ ዳሩን በበትሩ እየነካ የሚሄደው ዐይነ ስውር የልማቱን ስፋት በእግሩ ጣት ይረዳል።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያን ከተሞች ብቻ ማመስገን አድልዎ ይሆናል። በሜክሲኮ በ2008 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ሳን ሚጌል ደ አዬንዴም በድንጋይ ንጣፏና በጠባብ የእግረኛ መንገዷ እንግዶቿን ታንገዳግዳለች። ሆኖም እርሷ አሠራሯ ከቅኝ ግዛት ዘመን የተወረሰ ስለሆነ ጥፋቱን በሙታን ማሳበብ ትችላለች፤ የኢትዮጵያውን ኮብልስቶን የነደፈው መሐንዲስና ሪባኑን የቆረጠው ባለሥልጣን ግን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ተራራው የከተማ መንገድን ያህል አለመጨከኑ ነው። ራስ ደጀንን የመሰለ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርስ ጫፍ ባለበት በሰሜን ሰንሰለት የሚገኘውና በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ መራመድ ለቸገረው ሰው ፈጽሞ የማይቀመስ ይመስላል፤ ነገር ግን ከደባርቅ ከተማ ተነሥቶ ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር፣ ከዚያም አልፎ ጨነቅ ድረስ በመኪና መድረስ ይቻላል፣ ጭላዳ ዝንጀሮም ሣር ለመንጨት መንገድ ዳር ስለሚወጣ ከመኪና ሳይወርዱ ይታያል። ማንም ያላነጠፈው ገደል እንግዳውን በዚህ መልክ ሲያስተናግድ፣ በኮሚቴ፣ በጨረታና በርክክብ ያለፈው መንገድ ከአልጋ ቤት እስከ ቡና ቤት ያለችውን አጭር ርቀት ይነፍገዋል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን የሊማሊሞን ገደል የቀደደው ጣሊያን እንኳ፣ ያሰበው ለጦሩ መኪና ቢሆንም፣ ዳገት ያለ ጥምዝ እንደማይወጣ ገብቶት ነበር። የዛሬ ግንበኛ ግን ይህን ትምህርት ስለናቀው፣ በብዙ አገሮች ልክ አንድ ሜትር ለመውጣት አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት የሚያስፈልገውን መወጣጫ፣ ማለትም ራምፕ፣ በሁለት ሜትር ቋጭቶ ያስረክባል፤ ተረካቢውም «ራምፕ አለ» ብሎ ይፈርማል።

እንግዲህ መፍትሔው ለተራራ ተጓዦች የምትከራየውን በቅሎ በአካል ድጋፍ መሣሪያነት መመዝገብ ሳይሆን አይቀርም። በቅሎ መለዋወጫ አትፈልግም፣ ክዳኑ የተሰረቀ ቱቦ ስታይም ከብዙ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ቀድማ ትቆማለች።

ጉዳዩ የጥቂት ጎብኚዎች ቅንጦት ነው የሚል ካለ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት አዲ አርቃይን አልፎ በዳባት በኩል እስከ ጭና መንደር መድረሱን ያስታውስ። በጦርነቱ እግራቸውን ያጡት ሰዎች ጭላዳ ለማየት አልመጡም፤ መሄጃቸው ገበያ፣ ጤና ጣቢያና ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዟል፤ ኅዳር 24 ገደማ በሚከበረው የአካል ጉዳተኞች ቀንም ይኸው በአዳራሽ ይነገራል፣ አዳራሹ ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደሆነ መጠየቅ ግን ነውር ነው። አዋጁ የሚናገረው ስለ ሕንፃ እንጂ ስለ መንገድ ስላልሆነ ግዴታው ደጃፍ ላይ ያበቃል ብለው የሚጽናኑም አይጠፉም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን፣ በአንቀጽ 9 ተደራሽ መሆን ያለባቸውን ሲዘረዝር ከሕንፃ ቀጥሎ የሚጠራው መንገድን ነው።