የአጎቴ ማርቼዲስ

እስራኤሎች «መርፀዴስ» ይላሉ። አጎቴ ግን ቤርሼቫ ከገቡ ሠላሳ ዓመት ቢያልፋቸውም ከ«ማርቼዲስ» ንቅንቅ አላሉም። ጎንደር እያሉ የለመዱት ስም ነው፤ ያኔ ማርቼዲስ ማለት ከፊት ባለሥልጣን፣ ከኋላ አቧራ ነበር። ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው ቮልስዋገን መሆኑን ሲያነሡማ ደስታቸው ነው። «ማርቼዲስ ቢሆን እምቢ ይል ነበር» ባይ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺሕ በላይ ከሚሆነው ሕዝብ ጋር መጥተው፣ ያረፉበት ሆቴል ደጃፍ አንድ ማርቼዲስ ቢቆም ባርኔጣቸውን አውልቀው ብድግ አሉ። የወረደው ሰው ቁምጣ ለብሶ ሱፍ ይፈረፍራል። የታክሲ ሹፌር ነበር። እዚህ አገር ሰው ከከተማ ከተማ ለዓመታት የተመላለሰው በናፍጣ ማርቼዲስ ታክሲ መሆኑን ማን ነግሯቸው! እስከ ዛሬ «የተነሣሁት ለመኪናው ነው» ይላሉ።

ጡረታ እንደወጡ አንዱን ገዙ፤ ነጭ 240 ዲ፣ እ.ኤ.አ. የ1982 ሥሪት። ከእነዘመዶቹ ወደ 2 ሚሊዮን 700 ሺሕ ከተሠራው ዘር ነው። ወረቀቱ 72 የፈረስ ጉልበት ይላል፤ ፈረሶቹ ግን እንደ ባለቤታቸው ጡረተኞች ናቸው። 100 እስኪገባ ከ20 ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ በዚህ መሃል አጎቴ መነጽራቸውን ጠርገው አንድ ወሬ ይጀምራሉ። ማስነሣቱም ሥርዓት አለው። ቁልፉን ያዞራሉ፣ ቢጫ መብራት ይበራል፣ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ። «ቡናም ሳይፈላ አይቀዳም» ይሉኛል። ከዚያ እንደ ወፍጮ እየተንደቀደቀ ይነሣል፤ ጎረቤቱም አብሮ ይነሣል።

አንድ ሰንበት ማግሥት አንድ የሰፈር ሽማግሌ «የጀርመን መኪና ስትነዳ አታፍርም?» አሏቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ዕቃ አልነካም ያለ እስራኤላዊ ብዙ ነበርና ነገሩ ቀልድ አይደለም። እኔ አቀረቀርኩ። አጎቴ ግን «ቆርቆሮው የጀርመን ነው፤ ስሙ የረቢ የልጅ ልጅ ስም ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ኤሚል የሊኔክ የሚባል ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1900 ከዳይምለር ፋብሪካ 36 መኪና ሲያዝ፣ በልጄ በመርሴዲስ ስም ይጠሩልኝ አለ። የኤሚል አባት አዶልፍ የሊኔክ ደግሞ በቪየና ስመ ጥር ረቢና ሰባኪ ነበሩ። (እኔ ይህን ያነበብኩት ከሳቸው ከሰማሁ በኋላ ነው፤ ለሳቸው ማን እንደነገራቸው እንጃ።) ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ቤቴ አድርሰኝ» አሉ።

ጣጣው የመጣው በሕጉ በኩል ነው። እዚህ 30 ዓመት ያለፈው መኪና በቅርስነት ሲመዘገብ ክፍያው ይቀንስለታል፤ በሥራ ቀን ግን ጠዋት ለሁለት ሰዓት መንገድ ላይ አይውልም። እኔም «አደራ፣ ከ7 እስከ 9 እንዳይነዱት» አልኳቸው። ተስማማን። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ መኪናውን በሸራ ሸፍነው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ፀሐዩን ፈርተውለት መሰለኝ።

የገባኝ፣ ወደ ኤመክ ሳራ ጋራዥ ሲሄዱ በማለዳ ተይዘው የቅጣት ወረቀት ይዘው ሲመጡ ነው። የአጎቴ ሰዓት ዛሬም የሚቆጥረው በሀበሻ ነው። «አንተ ልጅ፣ ገና ሁለት ሰዓት አልነበረም እንዴ!» አሉኝ።

ቅጣቱን የከፈልኩት እኔ ነኝ። መሪው ላይም ወረቀት ለጥፌላቸዋለሁ፦ «ከአንድ እስከ ሦስት»።