በዶላር የሚከፈልበት ዕቃቃ

እናንተ የዘመኑ ፍጥነት ያደከማችሁ፣ ዝናብ ሳይመጣ ጉልበታችሁን የሚቆረጥማችሁ ወገኖቼ፣ እስቲ ጠጋ በሉ፤ ችግራችን አንድ ነው። እዚህ ጌጫ ዝናቡ መች አባርቶ ያውቅና፣ እኔን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ይቆረጥመኛል። የድሮው ዝናብ እንዲህ አልነበረም። የድሮው ዝናብ ጨዋ ነበር፤ ቡናው ከስጥ እስኪነሣ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለስ ደጅ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የዛሬው ሰሌኑ ሲዘረጋ ካላየ አይመጣም።

መንገዱም እንደዚያው ነው። ድሮ ከጅማ ተነሥተን ጌጫ እስክንገባ የጭነት መኪናው ጭቃ ውስጥ ሦስት ቀን ይቀረቀር ነበር። ሦስት ቀን! እንዴት ያለ ጨዋታ፣ እንዴት ያለ ፍቅር ነበር መሰላችሁ! አብረውኝ ከተቀረቀሩት ሁለቱ ልጆቼን ክርስትና አንሥተውልኛል። ዛሬ ሰው ማለዳ ቴፒ ወርዶ ለምሳ ይመለሳል። ታዲያ ከማን ጋር ይዛመድ?

አድራሻዬም አልቀረም። መምህር ሆኜ ስመጣ ጌጫ ኢሉባቦር ነበረች። ከዚያ ደቡብ ተባልን። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ደቡብ ምዕራብ ነን፤ ዋና ከተማችሁ የት ነው ብትሉኝ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒ ብዬ አራት እቆጥርላችኋለሁ። እኔ ከዚህች ወንበር ንቅንቅ አላልኩም።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት የልጅ ልጄን ነው።

ልጁ ቴፒ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለ ኮምፒውተር ይማራል። ለእረፍት መጣ። በእኛ ጊዜ ለእረፍት የመጣ ተማሪ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ይሰቅል፣ ኮረሪማ ይለቅም፣ ለአያቱ እንሰት ይፍቅ ነበር። እኔ ራሴ አንድ ቀን ቀፎ ሰቅያለሁ። ይኸኛው ላፕቶፑን ከረከቦቱ ጎን ዘርግቶ ሦስት ቀን አቀረቀረ። በአራተኛው ቀን፣ “አባባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር” አለኝ። 38 ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ነገር በገንዘብ እንደሚያልቅ ዐውቃለሁ።

“በወር 15 ዶላር ነው” አለ። “የምን?” ስለው “የጨዋታ”።

ጨዋታው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ይባላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 የወጣ ነው፤ ልጁ ራሱ ከዚያ ወዲህ ነው የተወለደው። ሰው ወይም ድንክ ወይም ጥርሱ ከአፉ የወጣ አረንጓዴ ጭራቅ ሆነው ይገቡበታል፤ ከዚያ ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰበ ሕዝብ ጋር አውሬ መግደል፣ ቅጠል መልቀም፣ መነገድ፣ መዋጋት ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2010 ላይ ከፋዩ 12 ሚሊዮን ደርሶ ነበር አለኝ። “ታዲያ የሚያልቀው መቼ ነው?” ብለው “አያልቅም አባባ” አይለኝም! ገበጣ እንኳ ጠጠሩ ሲያልቅ ያልቃል። ሚስቶቻችን መጥተው ሲያስነሡንም ያልቃል።

ነገሩን ሳሰላስለው ይኼ ጨዋታ ዕቃቃ ነው። አንተ አባት ሁን፣ አንቺ እናት፣ እሱ ሐኪም፤ በቆርቆሮ ክዳን ጭቃ አቡክተን እንጀራ ነው ስንል ማን ዶላር ጠየቀን? እንቆቅልሽስ ቢሆን? “ምን አውቅልህ” ብሎ መልሱ ሲጠፋ “አገር ስጠኝ” ይባል አልነበረም? እኔ በልጅነቴ ጎሬን ሦስት ጊዜ፣ ጅማን ከነገበያዋ ሁለት ጊዜ ሰጥቻለሁ። አንዴ ጎንደርን ተቀብዬ ተኝቼ፣ ጧት ስነሣ ቤተ መንግሥቱን ምን ላድርገው ብዬ ተጨንቄአለሁ። ከተማ በከተማ ስንለዋወጥ ደረሰኝ የቆረጠብን አልነበረም።

ደግሞም በእኛ ጊዜ ሰው ጊዜውን በጨዋታ አያጠፋም ነበር። ገበጣ ስንይዝ ቢበዛ እስከ ዶሮ ጩኸት ነው። አንድ ዓመት ብቻ፣ ያውም የቡና ለቀማ ወቅት ስለነበር፣ የግማሽ ኩንታል ጀንፈል ተበልቼ ለባለቤቴ ዝንጀሮ ነው የወሰደው ብያታለሁ። እስከ ዛሬ ዝንጀሮ ስታይ ትረግማለች።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ መምህር ነኝና ያለ ሒሳብ አልፈርድም። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ባንክ 57 ብር ገደማ ይል የነበረው ዶላር፣ ገበያው ይወስነው ሲባል ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። በ100 ብቻ ብናሰላው 1,500 ብር ነው። የእድር መዋጮዬ በወር 50 ብር ነው፤ የልጁ የአንድ ወር ጨዋታ የእኔ 30 ወር ቀብር ማለት ነው! “በቴሌብር አይከፈልም?” ብለው ሳቀ። የውጭ ካርድ ይፈልጋል፤ እስካሁን ሦስት ወር የከፈለችለት አሜሪካ ያለች አክስቱ ነበረች። እሷም አሁን “የቤት ኪራዬ ጨመረ” ብላ ተወችው። እዚያም ዘመኑ ከፍቷል ማለት ነው።

ልጁ ግን ይከራከራል። “በወር 60 ሰዓት ብጫወት አንዱ ሰዓት 25 ብር ነው የሚመጣው” አለኝ። “የ60 ሰዓትህንስ ዋጋ ማን ይክፈል? ዕድሜህንም ከብሩ ጋር ጨምረህ እየሰጠህ እኮ ነው” አልኩት። ዝም አለ። ደስ ብሎኝ ማታውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለፈ ሳምንት ኳስ በድጋሚ ሳይ አመሸሁ።

ሌላም አለ። መብራቱና የኢንተርኔት መስመሩ። በእኛ ጊዜ ጌጫ መብራት ጠፍቶ አያውቅም፤ ምክንያቱም አልነበረም። ዛሬ ገብቶ መጥፋት ተማረ። ልጁን፣ “ግድግዳው ላይ ባለው የዘመን መቁጠሪያ መብራትም መስመርም ባንድነት የነበሩባትን ሌሊት በእርሳስ አክብብ” አልኩት። በ30 ቀን 17 ክብ ተገኘ። 1,500 ብር ለ30 ሌሊት ሲካፈል 50 ብር ነው፤ ለ17 ሲካፈል ግን 88 ብር ከምናምን ይሆናል። ዝናብ ሲበረታ ደግሞ ያ የተከፈለበት ድንክ አንድ እግሩን አንሥቶ እንደ ሐውልት ይደርቃል። ልጁ “ላግ! ላግ!” እያለ ይጮኻል። የመጀመሪያ ቀን ባለቤቴ ለጋ ቅቤ የጠየቀ መስሏት አናቱን ልትቀባው በሳህን ይዛ መጣች።

“ነፃ የለም ወይ?” አልኩት። አለ። ሩንስኬፕ የሚባል በስልክ ሳይቀር ያለ ክፍያ የሚጀመር አለ፤ ጊልድ ዋርስ የሚሉት ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ይኸው ዋርክራፍትም ቢሆን እስከ ደረጃ 20 በነፃ ያስገባል። “ታዲያ ምን አስከፈለህ?” ስለው እውነተኛው ነገር ወጣ።

በነፃ የገባ ሰው ጫካውን ይዞራል፣ ተኩላውን ይገድላል፤ ነገር ግን ከትልቁ ገበያ ገብቶ አይሸጥም፣ ማኅበርም አይገባም። ማኅበሩ ጊልድ ይባላል። እኔ የማውቀው ግልድም ነው፤ ቢሆንም ገባኝ። እድር ነው። መሪ አለው፣ ቀጠሮ አለው፣ ግምጃ ቤት አለው፣ ለዘመቻ ሲጠሩት የቀረ ሰው ይወቀስበታል። ልጁ ባለፈው ታይፎይድ ይዞት ሁለት ሳምንት ሲተኛ እነዚያ ፊታቸውን አይቶ የማያውቃቸው ድንኮች “ምን ሆነህ ነው? ተሻለህ?” ብለው ጽፈውለታል። አንዷ፣ የት አገር እንደሆነች እንጃ፣ በገባ ቁጥር “ዛሬም ዘነበ?” ትለዋለች። እኔ በዚያው ሰሞን አጥሬ ወድቆብኝ ከእድር ስብሰባ ብቀር 20 ብር ተቀጣሁ።

“አየህ፣ እድር ግን የክፉ ቀን ነው” አልኩት። “ይሁን እንጂ አባባ፣ እርስዎ የከፈሉበትን አገልግሎት የሚያገኙት ሲሞቱ ነው” አለኝ። የዛሬ ልጅ አፍ! ድሮ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠ ልጅ በርበሬ ይታጠን ነበር። እኔም አባቴን እንዲህ ብዬው ታጥኛለሁ።

እነሱም የክፉ ቀን አላቸው፣ ብታምኑም ባታምኑም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 እዚያ ጨዋታ ውስጥ ወረርሽኝ ገብቶ ከተማ ሙሉ ረገፈ። አንድ ጭራቅ የሚረጨው የደም በሽታ ከነበረበት አምልጦ ነው። እውነተኛ የሕክምና ተመራማሪዎች ሳይቀሩ፣ ሰው በወረርሽኝ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ አጥንተውታል። አንዳንዱ ሌላውን ለማከም ሮጠ፣ አንዳንዱ ሸሸ፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ አስተላለፈ። እኛ በሽታን በነፃ እናገኘዋለን፤ እነሱ በወር 15 ዶላር።

እንግዲህ ሳላጣራ አልፈርድም ብዬ፣ ለማጣራት ያህል ብቻ፣ ማታ ማታ ትንሽ ሞከርኩት። ክፍያው ስላለቀ የልጁ ድንክ በደረጃ 74 እንደታሰረ በሬ ቆሟል፤ ስለዚህ አዲስ ሰው ፈጠረልኝ። ነጭ ጢም አደረግሁለት፤ መምህር መምህር ይሸታል። የላኩኝ ኤልዊን ወደሚባል ጫካ ነው። ጭቃ የለም፣ ጉልበት አይቆረጥምም። ቀፎ የሰቀለ ሰው ግን አላየሁም፤ ይኼን ያህል ዛፍ ይዘው! ኮረሪማም የለም። የሰላም አበባ የሚሉትን ቅጠል ለቀምኩ፤ አለቃቀሙን ራሱ አያውቁበትም፣ ከነሥሩ ነው የሚነቅሉት።

ልጁን ተቆጣሁት። “እዚሁ ደጃችን በ2004 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የሸካ ጫካ አለልህ! ጦጣው በነፃ፣ ማሩ በነፃ! ለምን አትገባበትም?” ብለው “ይዘንባል አባባ” አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይዘንባል። እኔም ከገባሁ ዓመታት ሆኖኛል።

ከሁሉ የገረሙኝ ኮቦልድ የሚባሉት ናቸው። አይጥ የመሰሉ፣ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሚኖሩ ፍጡራን ናቸው፤ አናታቸው ላይ የበራ ሻማ አስቀምጠው ይዞራሉ። ሰው ሲጠጋቸው ሻማቸውን ሊቀማቸው የመጣ እየመሰላቸው ይጮኻሉ። ምን ዓይነት ጅል ፍጡር ነው ለአንዲት ሻማ እንዲህ የሚንጨረጨር? በልጁ ፊት ስቄባቸዋለሁ።

ፍርዴ ይኸውላችሁ። አያዋጣም። ብቻውን ለሚዞር ሰው ነፃው ይበቃዋል፣ ከዚያ ወዲያ ብር ማቃጠል ነው። ማኅበር ላለው፣ ሲቀርም ለሚጠየቅ ሰው ነገሩ ከእድር ይቆጠራል። እሱም ቢሆን የመብራቱን ሌሊት ቆጥሮ ይክፈል፤ ክረምቱን ትቶ በበጋው፣ ወር በወር እንጂ ባንድ ጊዜ የስድስት ወር አይደለም። በጨዋታው ውስጥ ወርቅ ያጠራቀመ ሰው ወርቁን በአንድ ወር መጫወቻ ሊለውጠው ይችላል አሉ። ቅጠል ለቅሞ ክፍያውን የሚሸፍን ልጅ ከሆነ እንኳ አንድ ነገር ነው። በጥቅሉ ግን አያዋጣም ብያለሁ፣ አያዋጣም። የኅዳሩን ወር ብቻ የከፈልኩለት የታመመ ልጅ ስለሆነ ነው። የታኅሣሡን ደግሞ ደረጃ 19 ደርሼ ስለነበር ነው፤ የተጀመረ ምርመራ መሐል ላይ አይተውም።

ትናንት ማታ እንግዲህ፣ ያንን የማዕድን ጉድጓድ እያጣራሁ ሳለ መብራቱ ድርግም አለ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ የቁልፍ ሰሌዳው ፊደል ግን በጨለማ አይታየኝም። ባለቤቴ ሻማ ለኩሳ ከኋላዬ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ልክ ከአናቴ በላይ አቆመችልኝ። እግዜር ይስጣት፣ በደንብ አየሁ። ወዲያው ተመልሳ “ወጡ ሊያርርብኝ ነው፣ አንዴ ላየው” ብላ እጇን ወደ ሻማው ሰደደች። “ኧረ ሻማዬን! ሻማዬን እንዳትነኪ!” ብዬ ጮህኩ።

ልጁ ከዱካው ላይ ወደቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እየፈሰሰ፣ አንዴ እኔን አንዴ አናቴን እያየ ይንፈራፈራል። “ምን ያስቅሃል?” ብለው መናገር አቃተው።

ይኸው ነው የዛሬ ልጅ። ያለ ምክንያት ይስቃል። የድሮ ልጅ ሲስቅ ምክንያት ነበረው።