የደላላ ውሃ፦ ለአመዳደቡ መነሻ የሚሆን ጥናት

ኤሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 600 ሰው ይፈጃል የተባለ በሽታ በሐሳብ ፈጥረው፣ ተማሪዎችን መላ አስመረጡ። አንዱ መላ «200 ሰው ይድናል» ተብሎ ሲቀርብ 72 በመቶው ወደደው። ያው መላ ለሌሎች ተማሪዎች «400 ሰው ይሞታል» ተብሎ ሲነገር መራጩ 22 በመቶ ሆነ። ካነማን በ2002 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የአዲስ አበባ የቤት ደላላ ግን ይህንኑ ዕውቀት እስካሁን በኮሚሽን ብቻ እያስተማረ ይገኛል።

የደላላ መግለጫ በአራት ዐበይት ምድቦች ይከፈላል።

አንደኛው ከፍታ ነው። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ «አየር ያገኛል»፤ ምድር ቤቱ «መውጣት መውረድ የለውም»።

ሁለተኛው ርቀት ነው፤ «ከአስፋልት ገባ ብሎ» ይባላል። የገባ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ግድ ነው።

ሀ. «ውሃ አለ»፦ ቧንቧ አለ ማለት ነው።

ለ. «የውሃ ችግር የለም»፦ ማንም ሳይጠይቅ ከተባለ፣ ችግሩ ከዚህ በፊት በሰፊው ተወርቶበታል።

ሐ. «በሳምንት ሁለቴ ይመጣል»፦ አምስት ቀን ይጠፋል ብሎ የተናገረ ደላላ እስካሁን አልተመዘገበም።

መ. «ሮቶ አለ»፦ ከሁሉም የረቀቀው ይህ ነው፤ ንዑስ ክፍሎቹም ብዙ ናቸው። ባዶ ሮቶ አለ፤ የተሰነጠቀ ሮቶ አለ፤ ቁልፉ አከራይዋ እትዬ ዘንድ ያለ ሮቶ አለ፤ ሞልቶም የጎረቤት የሆነ አለ። አራቱም ላይ «ሮቶ አለ» እውነት ነው፤ ደላላው አልዋሸም። ተከራይ ሲጠራጠር ደላላው ወደ ሮቶው ይወስደውና በጣቱ አንጓ ያንኳኳለታል፤ ሁልጊዜም ከታች በኩል፣ መቼም ጥቂት ውሃ የማይጠፋበት ቦታ ላይ። ድምፁ ድፍን ይላል። ከፍ አድርገህ አንኳኳ ሲባል ስልክ ይደወልለታል።

«ውስጡ ስንት ውሃ አለ?» ብሎ ለጠየቀ ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው።

«ጋሼ፣ ሁለት ሺህ ሊትር ነው እኮ!»

የዕቃው ልክ እንዲህ ባለ ፍጥነት የይዘቱ ልክ ሲሆን በሌላ የሙያ ዘርፍ አልታየም። ጠያቂውም ራሱን ነቅንቆ ቀብድ ይከፍላል። ምን ያድርግ? ቁጥር ተሰጥቶታል።

ሠ. «ሌሊት ይመጣል»፦ ይህ ከሁሉም እውነተኛው ሲሆን፣ የሚነገረው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ቧንቧ የሚለው ገና ዝርዝር ጥናት ይሻል፤ ጥናቱም እንቅልፍ ይሻል፤ እንቅልፍ ደግሞ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ የኩሽናው ቧንቧ ማጉረምረም ጀምሯል። አራተኛው ምድብ ይቆይ። ያ ቢጫው ጀሪካን የት ነው ያለው?