የእንግዳ ዕቃ፦ የጓዳ ክምችት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ጥንታዊ ብርጭቆ፣ ሸክላና የቤት ጌጥ መሰብሰብ በአውሮፓ ጊዜና ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ሥራ ነው። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን የእናቶች ሥራ ነው። ሰብሳቢ ብሎ የሚጠራቸው ቢመጣ ቅር ይላቸዋል፤ ዕቃው የነሱ ሳይሆን የእንግዳ ነውና። እንግዳው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እስካሁን የመጡት ሁሉ፣ አማቹም፣ የንስሐ አባቱም፣ የወረዳው ሹምም፣ ሲመዘኑ ለዚያ ዕቃ ሳይበቁ ቀርተው በጣሳ ጠጥተው ሄደዋል።

በዚህ ምክንያት የአካባቢው የጓዳ ዕቃ የሚገዛበት ሕግ ከሌላው ዓለም የተገለበጠ ነው፤ ቶሎ የሚሰበረው ይተርፋል፣ ጠንካራው ያልቃል። ጋን፣ እንስራና ምጣድ ወፍራምና ቻይ ሆነው ሳለ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ሥራ ላይ ናቸው። በክፉ ዓይን ቢያዩት የሚነቃው ብርሌ ግን የልጅ ልጅ ያያል፤ የነካው የለም።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ፊተኛው ብርሌ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጠጅ ይቀርብበታል፤ ጠጪውም ዝንብ እንዳይገባበት አፉን በአውራ ጣቱ ይከድናል። በድሮው ዘመን ብርጭቆ ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ይመጣ ነበር፤ ጣናን በምሥራቅ በኩል ይዘው የሚነግዱት የይፋግና የደሪጣ ነጋዴዎችም ከጨውና ከጨርቁ ጋር የባሕር ማዶ ዕቃ ያዘዋውሩ ነበር። ያን ሁሉ ገደል በአህያ ጀርባ ወጥቶና ወርዶ ሳይሰበር የደረሰ ብርሌ ባለቤቱ ቤት ሲገባ ቢደነገጥለት አያስደንቅም። በቤተ መንግሥት ግብር ጊዜ ብርሌ የመኳንንት ነበር፤ ታናናሹ ሰው በቀንድ ዋንጫ ይጠጣ ነበር። አሳላፊው ብርሌውን በጨርቅ ጋርዶ ያቀርባል፤ አስቀድሞም ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ራሱ ይቀምሳል፤ ይህም መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫው ነው። በጋይንት ጓዳ የመርዝ ስጋት የለም፤ ከብርሌው የሚጠጣ የለማ።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረት በቃል ይከበራል፣ በተግባር ግን አይሠራበትም። የነቃ ብርሌ ከመደርደሪያው አይወርድም፤ የነቃው ጎኑ ወደ ግድግዳ ይዞራል። አንዳንድ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርሌዎች በሙሉ ፊታቸውን አዙረው የቆሙት ለዚህ ነው።

ከብርሌው ቀጥሎ መለኪያ ይመጣል። መለኪያ የአረቄ ብርጭቆ ሲሆን ትንሽነቱ ያድነዋል፤ ሲወድቅም የሚሄድበት ርቀት ትንሽ ነው። የሻይ ብርጭቆ ዕጣ ከሁሉም የከፋ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው የጉና ተራራ በሚያበርደው አገር፣ ጠዋት እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ብርጭቆ ላይ የፈላ ሻይ ማፍሰስ ብርጭቆውን በሁለት የሚከፍል ሥራ ነው። መድኃኒቱ አስቀድሞ የብረት ማንኪያ ውስጡ መክተት ነው፤ ብረቱ የሙቀቱን የመጀመሪያ ጉልበት ይቀበላል። ይህን የፊዚክስ ትምህርት በአካባቢው የማያውቅ ወጥ ሠሪ አይገኝም፤ ተማሪዎቹ ግን ፈተና ላይ ይሳሳቱታል።

ሲኒ በዚህ ደጋ አዲስ ገቢ ነው። ቡና የእስላምና የአረማዊ መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ የተነቀፈበት ዘመን እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ዘልቋል። ዛሬ ቡና ሳይጠጣ የሚውል ቤት ቢገኝ ጎረቤት በሽተኛ አለ ብሎ ይጠይቃል። ሲኒ በስድስት ይሸጣል፤ ቁጥሩም በመጀመሪያው ሳምንት ወደ አምስት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የጎደለውን የሚተካ ሌላ አበባ ያለበት ይጨመራል፤ ስለዚህ ለዓመታት የቆየ ረከቦት ላይ የሚታዩት ሲኒዎች እርስ በርስ የማይተዋወቁ ናቸው። ያልጎደለው ስብስብ ግን ሣጥን ውስጥ አለ። እሱ የእንግዳ ነው።

ዋንጫ ከበሬ ቀንድ ይሠራል። ቀንዱ በሙቀት ለስልሶ ይቀረጻል፣ ቂጡ በእንጨት ይደፈናል፣ ይሞረዳል። አይሰበርም፤ ጠላቱ ነቀዝ ነው። ለዚህ ዕቃ አክብሮት የጎደለው ትውልድ ዋንጫ የሚያውቀው ከእግር ኳስ ብቻ ነው፤ የአያቱ ዋንጫም በር ላይ የእስክሪብቶ መያዣ ሆና ታገለግላለች።

ሸክላ ግን ሰፋ ያለ ወሬ ያስፈልገዋል። ሠሪዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ያለ መንኮራኩር፣ ጭቃውን በእጅ እያድቦለቦሉና እየደራረቡ ጋን የሚያህል ነገር ያቆማሉ፤ ከዚያም በሜዳ እሳት ይተኩሱታል። በሰሜን ጎንደር አካባቢ ሙያው ለረጅም ጊዜ የቤተ እስራኤል መለያ ነበር፤ ከጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃ በዚህ ትታወቃለች። ሸክላ ሠሪን ቡዳ ብሎ መሸሽና የሠራችውን ምጣድ ተከራክሮ መግዛት ባንድ ቀን፣ ባንድ ገበያ፣ በአንድ ሰው ሲፈጸም የኖረ ነው። ዓይኗን የፈራ ሰው ምጣዷ ላይ የተጋገረውን እንጀራ ፈርቶ አያውቅም።

አዲስ ዕቃ ሥራ ከመግባቱ በፊት ይሟሻል። ምጣድ በጎመን ዘር ይታሻል፤ የጠላ ጋን በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ሸክላ ሲሰበርም አይጣልም። ገሉ ፍም ከጎረቤት ይመጣበታል፣ ዕጣን ይጨስበታል፣ ዶሮ ውኃ ይጠጣበታል፤ ደህና ሆኖ የተረፈ ማሰሮ ደግሞ ተገልብጦ በሣር ቤት ጉልላት ላይ ይወጣል፣ ምሰሶውንም ከዝናብ ይጋርዳል። አንድ ድስት ከምድጃ ጀምሮ በጣሪያ ላይ ጡረታ ሲወጣ የሚታይበት ሌላ አገር መኖሩ ያጠራጥራል።

የእንግዳው ዕቃ አቀማመጥ ሁለት ዓይነት ነው። በገጠር ሣጥን ነው፤ የሙሽራ ሣጥን፣ ቁልፉ በባለቤቲቱ አንገት ከማተቡ ጋር የሚውል። ሲኒው በነጠላ ይጠቀለላል፣ ነጠላው በሻሽ፣ ሁሉም በቀሚስ ሥር ይገባል። በዚህ አገር የተከበረውን በሌላ ነገር ውስጥ መክተት የቤት ዕቃ ልማድ ብቻ አይደለም። የድጓ መምህራን አገር በሆነችው በጋይንት ቤተልሔም የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን በሣር ክዳን ክብ ቤት ተከቦ ከውጭ ሳይታይ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለ አየርላንዳዊ ወጣት «አገኘው»፤ በየማለዳው የሚቀድሱበት ካህናት ግን ጠፍቶባቸው አያውቅም ነበር።

በከተማ ሣጥኑ ቡፌ ሆኗል። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ባለ መስተዋት ቡፌ የሌለው ሳሎን እንደ ጎዶሎ ይታያል። ከላይ ዳንቴል ይለብሳል፤ ውስጡ ስድስት ብርጭቆ፣ አበባ የተሳለበት ፔርሙስ፣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ ውስጡ አረቄ የተሞላ የውስኪ ጠርሙስ ይደረደራል። ከሣጥን የሚለየው ዕቃው መታየቱ ብቻ ነው፤ መነካቱ አሁንም ክልክል ነው። ከወረታ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ቻይናውያን ሲሠሩት፣ ኋላ በዚያው መንገድ ስንት ሲኒ እንደሚያሳልፉ አስበውት ከሆነ አርቆ አሳቢዎች ናቸው።

ዕቃው የግድ የሚወጣው ለድግስ ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር ሲሆን የጎረቤት ሰሃንና ብርጭቆ ይዋሳል፤ እድሩም ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ያወጣል። የዚህ ጊዜ ትልቁ ጭንቀት ዕቃው መሰበሩ ሳይሆን መቀያየሩ ነው። ስለዚህ ሰሃን ከሥሩ በጥፍር ቀለም ይነጠብበታል ወይም የስም መነሻ ፊደል ይጫርበታል። በድግሱ ማግስት ሴቶቹ ሰሃን እየገለበጡ ቂጡን ሲያነቡ የአርኪዎሎጂ ባለሙያ ያስንቃሉ። የአውሮፓ ሰብሳቢም ከሰሃን ሥር የፋብሪካውን ማኅተም እየፈለገ ዋጋ ይተምናል፤ እዚህ ማኅተሙ የባለቤቲቱ ነው፣ የሚወስነውም ሰላምታ መቀጠሉን ነው።

በዚህ አገር ያለፉ ታላላቅ ሰብሳቢዎችም ሊዘነጉ አይገባም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አስጎትተውታል። በዚህ አካባቢ ከተዘዋወሩ ዕቃዎች ሁሉ ክብደቱ አንደኛ ነው፤ ጥቅም ላይ ባለመዋሉም ከእንግዳ ብርሌ ጋር ይመደባል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ሁሉ ሰበሰበ። 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አወረደው፤ በዚያም ጨረታ ተደረገ፤ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ዋናው ገዢ ነበር። በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የወርቅ ጽዋ በዚያ ዘመቻ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ጎንደር ሰነበተ። ቡድኑ ከዳካር እስከ ጅቡቲ ባደረገው ጉዞ ከ3,000 በላይ ዕቃ ለቅሟል፤ ከጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንም ሥዕሎቹን አንሥቶ በምትካቸው ግልባጭ ሰቅሎ ሄደ። አሮጌ ወስዶ አዲስ መስጠት በከተማ ልዋጭ ይባላል፤ ልዋጮቹ ግን በየሰፈሩ እየጮኹ ስለሚመጡ ሰው ይዘጋጃል።

የዛሬው ልዋጭ አሮጌ ልብስና ብረት ወስዶ ፕላስቲክ ይሰጣል። እንስራ ለጀሪካን፣ ቅል ለሃይላንድ ቦታውን ለቋል። ከጀርባ የወረደ ሸክም በመሆኑ ሊያሳዝን የሚችለው ውኃ ቀድቶ የማያውቅን ሰው ነው፤ ሙሉ እንስራ ዳገት ያወጣች ሴት የሸክላን ውበት በተመለከተ የምትሰጠው አስተያየት በሙዚየም መግለጫ ላይ አይጻፍም። ከአዳዲሶቹ ጥንታዊ ዕቃዎች አንዱ የእርዳታ ዘይት ጣሳ ነው። ሴፍቲኔት ባለባቸው ወረዳዎች ሁለት የተጨባበጡ እጆች ያሉበት ጣሳ ውኃ መቅጃ፣ እህል መስፈሪያ፣ የአበባ መትከያ ሆኗል። ላኪው የአሜሪካ የልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2025 የውጭ እርዳታ ሥራውን ስላቆመ ጣሳው ከእንግዲህ አይመጣም፤ ዋጋ የሚያወጣበት መንገድ ተከፍቷል።

ጥንታዊ ያልሆነውን ጥንታዊ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አዲስ ዋንጫ ጢስ ላይ ሰንብቶ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያገኛል። ከሁሉም የሚያስቀው ጠገራ ብር ነው። የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ብር ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 እ.ኤ.አ. የተመታ ነው ይላል፤ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በለንደን፣ በቦምቤይ የተመታውም ያንኑ ዓመት ይላል። ሙሶሊኒ ለወረራው በ1935 እ.ኤ.አ. በሮም ያስመታውም 1780 ነው። ስለዚህ «ዓመተ ምሕረቱን እይ» የሚል ሻጭ አልዋሸም፤ ዋሽቶ የተወለደው ብሩ ነው።

የቅርስ ሕጉ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በእጁ ቅርስ ያለውም ሰው እንዲጠብቀው ያዛል። የመጠበቁን ነገር የጋይንት እናቶችን የሚያስተምር አያስፈልግም። ከወጣው ተመልሶ የመጣም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ ለጨረታ ሊቀርቡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ተገዝተው ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጥተዋል፤ ከነሱ መካከል በብር የተለበጡ የቀንድ ዋንጫዎች ይገኛሉ። አሁን የሚጠጣባቸው የለም፤ ይህም የአገሩን ሥርዓት ያከበረ አያያዝ ነው።

ክምችቱ የሚበተነው በውርስ ነው። መሬት በሕግ ይካፈላል፣ በሬም ይሸጥና ዋጋው ይካፈላል፤ ሲኒ ግን ስድስት ነው፣ ሴት ልጆቹ አራት። አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። ብርሌው የነቃ ጎኑ እስኪታይ ድረስ ታላቂቱ ትወስደዋለች፤ ከታየ በኋላ ለታናሺቱ ይገባል። ረከቦቱን አንዲት ነገር ያልጠየቀችው ምራት ቀድማ ወስዳዋለች። የቀሩት ሁለት ሲኒዎች ከእርሻው ድንበር ጋር አብረው ለሽማግሌ ይቀርባሉ።