ስሜን አስገቡልኝ፦ በኮመን ኮርሶች ላይ የተደረገ ጥናት

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ዲፓርትመንት ከመያዙ በፊት በመጀመሪያው ዓመት የሚወስዳቸው የጋራ ትምህርቶች አሉ፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሥነ ዜጋ፣ እንግሊዝኛ እና ሌሎችም። ግቢ ውስጥ ሁሉም ባንድ ላይ «ኮመን ኮርስ» ይባላሉ። እነዚህ ኮርሶች ምንም አያስተምሩም የሚል ሐሜት አለ። የዚህ ጥናት መላምት ተቃራኒው ነው፦ ኮርሶቹ በሚገባ ያስተምራሉ፤ ትምህርቱ የሚሰጠው ግን ክፍል ውስጥ አይደለም።

ለታሪካዊ ዳራ ያህል፣ ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ተብለው ቦታውን ሲወስዱት፣ ከዩኒቨርሲቲ ተሰናበተ። በ2012 ዓ.ም. በትምህርት ፍኖተ ካርታው መሠረት ተመልሶ ገባ። ዓመቱ ራሱ ዲስሚስ ተደርጎ በሪአድሚሽን የተመለሰ መሆኑ ለብዙ ተማሪ መጽናኛ ሊሆን ይገባ ነበር፤ የነገረው ሰው ግን ያለ አይመስልም።

የጥናቱን ዘዴ የወሰድነው ከአንትሮፖሎጂስቱ ማሊኖውስኪ ነው። እሱ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ ድንኳን ተክሎ ከነዋሪው ጋር እየኖረ ማስታወሻ ይዟል፤ እኛ ላውንጅ ተቀምጠናል። ናሙናው የተመረጠው በአመቺነት ነው፤ ማለትም አጠገባችን ሻይ የያዘውን ነው የጠየቅነው። የጽሑፍ መጠይቅም በትነን ነበር። የተመለሱት ወረቀቶች በሙሉ አንድ ዓይነት መልስና አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት ስላለባቸው እንደ አንድ መላሽ ቆጥረናቸዋል።

በእንግሊዝኛ እንጀምር። ኮርሱ በሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ የሚሰጥ ሲሆን፣ ስለ እንግሊዝኛ እንደየአገሩ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚደረግ ረጅም ውይይት ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ፓሲቭ ቮይስ» ብሎ ይጽፍና «ይኼ ማለት ምን መሰላችሁ…» ብሎ ይገባበታል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሰዓቱ ማለቂያ የምትሰማው እንግሊዝኛ «ክሊር?» የምትለዋ ብቻ ናት። ክፍሉ «ክሊር!» ይላል። ነገሩ ባልገባው ቁጥር ድምፁ ይበልጥ ይጎላል።

የሁሉም ኮርሶች ቅዱስ መጽሐፍ ሞጁሉ ነው። ሞጁል በቴሌግራም ይመጣል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባል፣ ከኮፒው ደግሞ ሌላ ኮፒ ይወጣል። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ የሚባለው ኮርስ በተለይ በዚህ ተጎጂ ነው። ያየነው ቅጂ የስንተኛ ትውልድ ኮፒ እንደሆነ ባናውቅም፣ ስለ ቨርቹዋል ሪያሊቲ በሚያወራው ገጽ ላይ መነጽር ያደረገ ሰው መኖር የነበረበት ቦታ የተደፋ ቡና የሚመስል ጥቁር ነገር ሰፍሯል። ተማሪው ጥቁሩን ነገር ከነመግለጫው ሸምድዶታል። ከሞጁሉ ሾርት ኖት፣ ከሾርት ኖቱም ሾርት ኖት ይወጣል፤ እየጠበበ እየጠበበ ሲሄድ አጤሬራ ይሆንና እጅጌ ውስጥ ይገባል። በእኛ ግምት ዕውቀት ከግለሰቡ ሰውነት ጋር በጣም የሚቀራረበው እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ሳይኮሎጂን በተመለከተ ኤቢንግሃውስን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። ይህ ጀርመናዊ ሰው እንዴት እንደሚረሳ ለማወቅ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት እየፈጠረ ራሱ ሲሸመድድ ኖሮ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። የእኛ ተማሪ ክፍለ ቃላት የመፍጠር ድካም የለበትም፤ ሞጁል አለው። ኤቢንግሃውስ የተሸመደደው ነገር በብዛት የሚጠፋው መጀመሪያ አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል። እኛም ከፈተናው አዳራሽ ወደ ካፌው ሰልፍ የሚሄዱትን ተከትለን ይህንኑ አረጋግጠናል። ካፌው ሊዘጋ ሲል የሚታየው ሩጫ ደግሞ ፊዚካል ፊትነስ ለሚባለው ኮርስ መያዝ ሲገባው እስካሁን አይያዝም።

አንትሮፖሎጂ የሚሰጠው በግሩፕ አሳይመንት ነው። ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ጥናቱ ስጦታ ሦስት ግዴታ አለው ብሏል፦ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። ሞስ ይህን ለማስረዳት ሌሎች እስከ ፖሊኔዥያ ሄደው የጻፉትን ማገላበጥ አስፈልጎት ነበር። «ስሜን አስገቡልኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቢሰማ ኖሮ ያን ሁሉ ባልደከመ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ግሩፑ ሲመሠረት መጀመሪያ የሚከፈተው የቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ ስም ይወጣለታል፣ ፎቶ ይለጠፍለታል፣ ከዚያ እስከ ማስረከቢያው ዋዜማ ጸጥ ይላል። በዋዜማው ላፕቶፕ ያለው ልጅ ሥራውን ብቻውን ይሠራል። አንዱ የኮፒውን ብር እችላለሁ ይላል። አንዷ ሽፋኑን አሳምራ ትሠራለች፤ በእርግጥም ከጽሑፉ ሁሉ የሚነበበው ሽፋኑ ነው። የቀሩት ስማቸውንና አይዲ ቁጥራቸውን ይልካሉ። አንዱን አባል ማንም አይቶት አያውቅም፤ የሚታወቀው በአይዲ ቁጥሩ ነው። ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ትምህርቱን ትቶ አገሩ የገባ ልጅ፣ ስሙ ሽፋኑ ላይ ስለነበረ፣ በሌለበት ከጓደኞቹ እኩል ማርክ ተቆጥሮለታል። የስሙ ዕዳ በሚቀጥለው ኮርስ ይመለሳል፦ «አንትሮን እኔ ሠርቻለሁ፤ ታሪኩን አንተ ያዘው።»

ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ፣ ጎታቹ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ጉልበት እንደሚቀንስ ደርሶበት ነበር። ግኝቱ ትክክል ቢሆንም ያልተሟላ ነው። ፕረዘንቴሽን ላይ ቆሞ «ኢንትሮዳክሽኑን እኔ ልበል» የሚለውን ጎታች አላየውም። ከኢንትሮዳክሽን በቀር የሚፈለግ ክፍል ባለመኖሩ፣ አንድ ግሩፕ ሦስት ኢንትሮዳክሽን አቅርቦ «ቴንክ ዩ» ሲል ታዝበናል። አስተማሪው አጨበጨበ።

ከሁሉም የተሳካ ሆኖ ያገኘነው ሎጂክን ነው። ይህን ለመረዳት ስለ ግሬድ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። 90 እና ከዚያ በላይ ኤ ፕላስ፣ ከ85 ጀምሮ ኤ ነው፤ ሁለቱም የሚያስገኙት 4 ነጥብ ስለሆነ ልዩነቱን የሚያውቁት ባለቤቱና እናቱ ናቸው። ከ50 እስከ 59 ሲ ነው፤ 60 የገባ ሲ ፕላስ ያገኛል። ዲፓርትመንት የሚደለደለው በውጤት በመሆኑ፣ ግሬድ በወጣ ማግስት የመምህራን ቢሮ ያለበት ኮሪደር ይሞላል። የሎጂክ እውነተኛው ላቦራቶሪ ይህ ነው።

«መምህር፣ 59 ነው ያለኝ፤ አንድ ማርክ ቢጨምሩልኝ» አለ አንዱ።

«ፈተናህን አይቼዋለሁ፤ የሚጨመር የለውም።»

«ሴሚስተሩን ሙሉ እናቴ ታማብኝ ነበር።» (ለአዘኔታ መማጸን፤ በሞጁሉ ውስጥ አለ።) «ደግሞ ፈተናው ከባድ እንደነበር ሁሉም ተማሪ ነው የሚያወራው።» (በብዙኃን ስም መሞገት።) «ሲ ከሆነብኝ የምፈልገው ዲፓርትመንት አይደርሰኝም፤ እሱ ካልደረሰኝ ሥራ አላገኝም፤ ሥራ ካጣሁ መሰደዴ ነው፤ በረሃ ላይ ብቀር…» (አንዷን እርምጃ ይዞ እስከ ገደል የሚያንሸራትተው።) በሩ ላይ የቆመው ጓደኛው «ካልሆነ ለዲኑ እናመልክታለን» አለ። (በኃይል ማስገደድ።)

መምህሩ ፈገግ ብለው «መጀመሪያ ያልከኝ ምን ዓይነት ፋላሲ ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

«አፒል ቱ ፒቲ።»

የፈተናውን ወረቀት አውጥተው አሳዩት። የሳተው ጥያቄ ይኸው ነበር።

ተማሪው ወረቀቱን አየት አድርጎ «መምህር፣ ጥያቄውን የመለሰ ማርኩ ይገባዋል፤ አሁን መልሻለሁ፤ ስለዚህ ይገባኛል» አለ። በዕለቱ ከሰማናቸው መከራከሪያዎች ሁሉ ቅርጹን የጠበቀው ይህ ብቻ ነበር። መምህሩም ጥቂት አሰቡና «ሬጅስትራር ሲስተሙን ዘግቶታል» አሉት። ሞጁሉን ከዳር እስከ ዳር ብናገላብጥም ይህ ከየትኛው ፋላሲ እንደሚመደብ የሚገልጽ አላገኘንበትም።