ሄጂሞኒ በ40 ዲግሪ ሙቀት

ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በአፋሯ መልካ ወረር ስለ ርዕዮተ ዓለም የሚከራከር ሰው ካያችሁ ወይ አበል ተከፍሎታል ወይ ምርቃና ላይ ነው። እኔ ያየኋቸው ሁለት የመንግሥት እርሻ ጡረተኞች ግን ከሁለቱም አይደሉም። አንዱ በወጣትነቱ ኢሕአፓ ነበር፣ ሌላው መኢሶን። ሻያቸው እስኪበርድ (በዚያ ሙቀት የሚበርድ ከሆነ) የ1968ቱን የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ክርክር ካቆሙበት ይቀጥላሉ። «አብዮታዊ መድረክ» የተባለው ዓምድ ለእነሱ ገና ትናንት ማታ ነው የተነበበው።

«ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ተቋቁሞ ቢሆን ኖሮ…» ይላል አንዱ።

«ለደርግ የሰጠነውን ሂሳዊ ድጋፍ ባታበላሹብን ኖሮ፣ ጓድ…» ይላል ሌላው።

በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ፤ አብዮቱን በበላይነት መምራት የነበረበት ወዛደሩ ነው። አጠገባቸው መኪና የሚጠብቁ አንድ የአፋር ሽማግሌ ሁሉንም በጥሞና ሰሙና፣

«ይሄ ወዛደር የምትሉት ጎሳው ምንድን ነው?» አሉ።

ሳቃቸውን ዓይናቸው ላይ ይዘውታል። መልስ የሰጠ ግን የለም።

ጥያቄው ቀልድ ይምሰል እንጂ ቀላል አይደለም። ሌኒን ሄጂሞኒ (የበላይነት) ሲል ወዛደሩ ገበሬውን አስከትሎ ይምራ ማለቱ ነበር። ጣሊያናዊው ኮሙኒስት ግራምሺ የሙሶሊኒ እስረኛ ሆኖ (አዎ፣ እኛን የወረረን ያው ሙሶሊኒ) ነገሩን አሰፋው፤ ገዢ በጠመንጃ ብቻ አይዘልቅም፣ ተገዢው «ይሁን» ሊለው ይገባል አለ። የእኛዎቹ አብዮተኞች ሌኒንን ሸመደዱ። ግራምሺን ያነበበ ካለም ለመልካ ወረር አላካፈለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ አዲስ አበባ በሰልፍ ደመቀች። አፋር ዘንድ ግን መሬት ድሮም የጎሳ ነው። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህ በዚያው ዓመት ከደርግ ተጣልተው ወደ ጅቡቲ ሲሻገሩ፣ አውሳ ላይ ታንኩ ከደርግ፣ የሰው ጆሮ ከሳቸው ጋር ሆነ። መካከለኛው አዋሽ ላይ ደግሞ የጥጥ እርሻው የመንግሥት ተባለ። ጥጥ ለቃሚው ከደጋ አገር በጭነት መኪና መጥቶ፣ ለቀማው ሲያልቅ ወደ አገሩ የሚመለስ ነበር። ወዛደሩ እሱ ከነበረ አብዮቱ የሚመራው በለቀማ ወቅት ብቻ ነው ማለት ነው።

አፋር ወሬ የሚያምነው በዳጉ ነው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን እየለዩ ይነጋገራሉ፤ ያልሆነውን ሆነ ያለ ሰው ክብሩን ያጣል። ካድሬው ግማሽ ቀን በድምፅ ማጉያ የተናገረው በዳጉ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው «ስብሰባ ነበር» የሚለው ነው።

በመልካ ወረር ሄጂሞኒውን በትክክል የያዘው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ነው። በደርግ ዘመን በእርሻዎቹ አካባቢ ተተከለ። ፍየሉ ፍሬውን ወዶ ይበላል፣ ዘሩንም በበጠጡ ተሸክሞ ካልደረሰበት ሜዳ ያደርስለታል። ማንም አላስገደደውም። ዛሬ ግጦሹን እሾህ ወርሶታል። አንዳንዱ አፋር «የደርግ ዛፍ» ይለዋል፣ አንዳንዱ «ወያኔ»፤ ሁለቱም መንግሥታት ሄደዋል። ጡረተኞቹም የተቀመጡት በዚሁ ዛፍ ጥላ ሥር ነው።

ኢሕአዴግ ሲመጣ በጋዜጣው ዓምድ ፋንታ የስብሰባ አዳራሹ መጣ፤ ስልጠና፣ ግምገማ፣ የ1 ለ 5 አደረጃጀት፣ የልማታዊ አስተሳሰብ የበላይነት። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ በኮት መጥቶ ረፋድ ላይ በሸሚዝ ይቀራል። ከፊት ወንበር የሚቀመጡት ያው ናቸው፤ ቲሸርታቸው ብቻ ይቀየራል። ከምሳ በኋላ መብራት ይጠፋና ማራገቢያው ቀጥ ይላል። ያኔ ተሰብሳቢው በሙሉ፣ ማንም ሳይቀሰቅሰው፣ የስልጠና ሰነዱን አንስቶ ፊቱን ማራገብ ይጀምራል። ሰነዱ ከብዙኃኑ እንዲህ ያለ ድጋፍ አግኝቶ አያውቅም።